ኤአይን ለ9ኛ ክፍል ልጆች በባዶ የክብሪት ሳጥን ጀመርኩት፤ ቀጥሎ ምን ላስተምር?

መምህር ዘአዳማ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሂሳብ አስተምራለሁ። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል ልጆች ጋር የኤአይ (የሰው ሰራሽ አስተውሎት) ክለብ አለን። እስካሁን የሠራልኝን ላካፍላችሁ፣ ቀጥሎ ምን ማስተማር እንዳለብኝ ደግሞ ልጠይቃችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።

ሲጀመር በስላይድ ነበር። የብሪታንያው የሂሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ እ.ኤ.አ. በ1950 «ማሽን ማሰብ ይችላል ወይ?» ብሎ መጠየቁን፣ ዘርፉ ስሙን ያገኘበትን የ1956ቱን የዳርትማውዝ ስብሰባ፣ በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የቼዝ ሻምፒዮኑን ካስፓሮቭን ማሸነፉን ነገርኳቸው። ልጆቹ በደንብ ጻፉ። በሳምንቱ ስጠይቃቸው የጻፉትን ቃል በቃል መለሱልኝ። ሁሉም ከወጡ በኋላ ግን አንድ ልጅ ወደ ጠረጴዛው ቀረብ አለና፣ ስልኩን እያሳየኝ፣ «ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ የሚመልሰው ሰው ነው እንዴ?» አለኝ። የጠየቀው ከልቡ ነው። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ ያውቃል፤ ነገሩ ግን አልገባውም። ስላይዱን ያን ቀን ተውኩት።

የኮምፒውተር ላባችን ውስጥ የሚሠሩት ኮምፒውተሮች ጥቂት ናቸው፤ መብራት ቅዳሜ ጠዋት ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ያለ ኮምፒውተር የሚሆን ነገር ፈለግኩ። ዶናልድ ሚቺ የሚባል የብሪታንያ ተመራማሪ ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከቱሪንግ ጋር በአንድ ቦታ የጠላት ኮድ ሲፈታ የነበረ ሰው ነው። በ1961 ኮምፒውተር በእጁ ስላልነበረ 304 የክብሪት ሳጥኖች ደርድሮ፣ የኤክስና የዜሮ ጨዋታ እየተጫወተ የሚማር «ማሽን» ሠራ። 304 ለእኛ ይበዛል። በዓመቱ ማርቲን ጋርድነር በሳይንቲፊክ አሜሪካን መጽሔት ላይ 24 ሳጥን ብቻ የሚበቃው ትንሽ ጨዋታ አወጣ። እኛ የሠራነው ይህንን ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ሰሌዳው 3 በ3 ነው። ሰው በአንድ ወገን ሦስት ጠጠር፣ ማሽኗ በሌላው ወገን ሦስት ጠጠር ትይዛለች። ጠጠር ፊት ለፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ከሆነ አንድ እርምጃ ይሄዳል፤ በሰያፍ ከሆነ የተቃራኒን ጠጠር ይበላል። ማዶ የደረሰ፣ የሌላውን ጠጠር የጨረሰ፣ ወይም ተቃራኒውን መሄጃ ያሳጣ ያሸንፋል። ሰው ሁልጊዜ ቀድሞ ይጀምራል። ማሽኗ ሊገጥሟት የሚችሉትን አቀማመጦች በሙሉ በየሳጥኑ ክዳን ላይ እንስላለን፤ ከዚያ አቀማመጥ መሄድ የሚቻልባቸውን መንገዶች በቀለም ቀስት እናሳያለን። በሳጥኑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ቀስት አንድ ፍሬ ይቀመጣል። እኛ ቀይ ቦሎቄ፣ ነጭ ቦሎቄ፣ ሽምብራና በቆሎ ነው የተጠቀምነው።

ሳጥኑን ልጆቹ ሰበሰቡ። አብዛኛውን የሰጡን መንገድ ዳር ጀበና ቡና የሚሸጡ እናቶች ናቸው። ከሰል ሲያቀጣጥሉ ክብሪት ቶሎ ያልቅባቸዋል፤ ለምን እንደምንፈልገው ሲነገራቸው ባዶውን እየቆጠሩ አስቀመጡልን። በሁለት ሳምንት ለአራት ቡድን የሚበቃ 96 ሳጥን ሞላ።

ማሽኗን እንድታንቀሳቅስ የመረጥኳት ልጅ የጨዋታውን ሕግ አታውቅም፤ ሆን ብዬ ነው ያልነገርኳት። ሥራዋ ሰሌዳውን የሚመስለውን ሳጥን መፈለግ፣ መነቅነቅ፣ ዓይኗን ጨፍና አንድ ፍሬ ማውጣትና ቀስቱ ያለውን መፈጸም ነው። ማሽኗ ከተሸነፈች የመጨረሻውን እርምጃ ያዘዘው ፍሬ ይወጣል፤ አይመለስም። ካሸነፈች ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል። ቅጣት ብቻ ነው፤ ሌላ ትምህርት የለም።

በመጀመሪያዎቹ ጨዋታዎች ወንዶቹ እየተጋፉ ሊያሸንፏት ተሰለፉ። በቀላሉ አሸነፏት። ከዚያ ማሸነፉ እየከበደ መጣ። ከሠላሳ ጨዋታ በኋላ ማንም አላሸነፋትም። ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ስልኩን ያሳየኝ ልጅ ተነሥቶ አንዱን ሳጥን ከፈተ፤ ፍሬዎቹን እጁ ላይ ዘረገፈና «ታዲያ የሚያውቀው የቱ ነው? ቦሎቄው ነው ወይስ ሳጥኑ?» አለ።

ማንም አልመለሰለትም፤ እኔም ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይታ ማሽኗን ስታንቀሳቅስ የነበረችው ልጅ፣ «የወጣው ፍሬ ነው። እዚህ የሌለው ነው የሚያውቀው» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ «ሞዴል» የሚለውን ቃል ስጠቀም ልጆቹ ያቺን ሳጥን ነው የሚያዩት። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ጂፒቲ-3 የሚባለው ጽሑፍ የሚጽፍ ሞዴል፣ 175 ቢሊዮን የሚስተካከሉ ቁጥሮች ነበሩት ስላቸው ትርጉም ይሰጣቸዋል፤ የእኛዎቹ ጥቂት ደርዘን ፍሬዎች ናቸው፣ የእሱ 175 ቢሊዮን።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገርም ታየ። ከአራቱ ቡድኖች አንደኛው ማሽኑን ያጫወተው ጨዋታውን ገና ካልለመዱ ልጆች ጋር ብቻ ነበር። ማሽናቸውን ብዙ ጊዜ ስላላሸነፏት ብዙ ፍሬ አልወጣባትም፤ ጎበዝ ተጫዋች ሲመጣባት ደጋግማ ተረታች። ልጆቹ ራሳቸው «ደካማ አስተማሪ ነው ያስተማራት» አሉ። ስለ ዳታ ጥራት ከዚህ የተሻለ ትምህርት አስተምሬ አላውቅም።

አሁን ጥያቄዬ፦ ልጆቹ በየቀኑ የሚጠቀሙት የክብሪት ሳጥን ሳይሆን ጽሑፍ የሚጽፍላቸውን ኤአይ ነው። አሳይንመንት ሁሉ በእሱ እየተሠራ ነው የሚመጣው። ከሳጥኗ ወደዚያ በምን ድልድይ ልውሰዳቸው?


ፊደል ቆጣሪ
ጥቅምት 8፣ ከምሽቱ 4፡15

መምህር፣ እግዜር ይስጥልን። እኔ አዲስ አበባ በአማርኛ ጽሑፍና ሶፍትዌር ላይ ነው የምሠራው። ለጥያቄዎ አንድ ጨዋታ ልንገርዎት፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል።

ለክፍሉ «ድር ቢያብር» ይበሏቸውና ያቁሙ። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አንበሳ ያስር» ይላሉ። ለምን እንደተስማሙ ይጠይቋቸው። ብዙ ጊዜ ሰምተውታል፤ ሌላ ምክንያት የለም። ቀጥለው «እናቴ ገበያ ሄዳ ገዛች፤ ምን?» ብለው እያንዳንዱ በወረቀት ቁራጭ አንድ ቃል ይጻፍ። ሽንኩርት ይበዛል፣ ቲማቲም ይከተላል፣ አንዱ ጫማ ይላል። ወረቀቶቹን ኮፍያ ውስጥ ከትተው አንድ ያውጡ፤ የወጣውን ቃል ዓረፍተ ነገሩ ላይ ጨምረው ቀጣዩን ቃል እንደገና ያስጽፉ። በአሥር ዙር አንድ አንቀጽ ይወጣል። አማርኛው የተስተካከለ ይሆናል፤ እናቲቱ ግን የለችም፣ ገበያውም አልተሄደም።

የቋንቋ ሞዴል ሥራ በመሠረቱ ይኸው ነው፤ ካለፈው ጽሑፍ በመነሣት የሚቀጥለውን ቁራጭ መገመት፣ ዕጣ አውጥቶ መጻፍ፣ መድገም። ኮፍያው ውስጥ የወረቀቶቹን ብዛት የሚወስነው በስልጠና ጊዜ የተስተካከሉት ቁጥሮች ናቸው። ልጆቹ በእጃቸው ሠርተው ሲያዩት ማሽኑ ለምን በእርግጠኝነት እንደሚሳሳት ማብራሪያ አይጠይቁም። ኮፍያው እውነትና ሐሰትን አይለይም፤ የሚበዛውንና የሚያንሰውን ነው የሚለየው።

ሁለተኛው ስለ ፊደላችን ነው። ልጆች ኤአይ በአማርኛ ለምን እንደሚደናቀፍ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ መልሱን «ቋንቋችን ኋላ ቀር ስለሆነ» ብለው ለራሳቸው ሰጥተዋል። ይህ አስተሳሰብ ሳይሰድ መነቀል አለበት። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በሚያውቁበት የጋራ ኮድ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱ ኮድ ነበረው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። ስለዚህ ማሽን የሚማርበት ጽሑፍ መከማቸት የጀመረው ዘግይቶ ነው። ጎግል ትራንስሌት አማርኛን የጨመረው እንኳ በ2016 ነው። በዚያ ላይ አንድ ፊደላችን ኮምፒውተር ውስጥ በተለመደው አጻጻፍ ሦስት ባይት (የኮምፒውተር ማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፣ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ። «ሰላም» ዘጠኝ ባይት ነው፤ ያው ቃል በላቲን ፊደል ቢጻፍ አምስት። ሞዴሎች ጽሑፍን ቶክን ወደሚባሉ ቁርጥራጮች ሲከፍሉ አማርኛው ብዙ ጊዜ ከእንግሊዝኛው በበለጠ ይሰባበራል። ችግሩ ያለው ቋንቋው ላይ ሳይሆን መቁረጫው ላይ ነው፤ መቁረጫው በሌላ ቋንቋ ልክ ስለተሠራ።

ሂሳብ አስተማሪ ስለሆኑ ደግሞ ይቺን ይያዙ፦ «ፀሐይ» የሚለው ቃል ድምፁ ሳይቀየር በስንት ዓይነት ይጻፋል? ፀ እና ጸ፤ ከዚያ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሁለት ሲባዛ በስድስት፣ አሥራ ሁለት። ለእኛ አንድ ፀሐይ ነው፤ ለማሽን ካላስተማሩት በስተቀር አሥራ ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው።


ጡረተኛው ርዕሰ መምህር
ጥቅምት 9፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጄ፣ ትጋትህን አደንቃለሁ። እግዚአብሔር ይባርክህ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት የኖርኩ ሰው ነኝና የሚያሳስበኝን ሳልናገር አላልፍም።

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ናቸው። ቤቱ መሠረቱ ተናግቷል። 9ኛ ክፍል ገብተው አንድ ገጽ አማርኛ ሳይደናቀፉ ማንበብ የሚያቅታቸው፣ ክፍልፋይ መደመር የሚጠፋባቸው ልጆች በእጄ አልፈዋል። ለእነዚህ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት አንድ መምህር ቢገኝላቸው፣ ያ መምህር ማስተማር ያለበት ክፍልፋይ ነው ወይስ ኤአይ? የምጠይቅህ አንተን ለማሳነስ አይደለም። እንዳንተ ያለ መምህር ጥቂት ነው፤ ጊዜው ደግሞ ውድ ነው።


መምህር ዘአዳማ
ጥቅምት 9፣ ከምሽቱ 1፡05

ጋሼ፣ ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሌሊት አሳድሮኛል።

ክፍልፋይ ከሳጥኗ ውጭ አይደለም። «ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ፍሬ አለ፣ ቀይ የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?» አንድ ሦስተኛ። «አንዱ ወጣ፣ አሁንስ?» አንድ ሁለተኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ በክፍልፋይ ስትሸሽ የነበረች ልጅ አለችኝ፤ ማሽኗ ቀጥሎ ምን እንደምታደርግ ቀድማ ለማወቅ ስትል ክፍልፋይ መጻፍ ጀመረች። እኔ አላዘዝኳትም። 9ኛ ክፍል ፕሮባቢሊቲ አለ፣ 11ኛ ክፍል ማትሪክስ አለ፤ «ቲቸር፣ ይሄ የት ይጠቅመናል?» ለሚለው ጥያቄ የሚታይ ነገር የማሳያቸው አሁን ነው።

ሌላው፣ ልጆቹ ኤአይን እኛ ብናስተምራቸውም ባናስተምራቸውም ይዘውታል። ክፍልፋዩን ሳይሠሩ መልሱን ብቻ የሚያመጡት በእሱ ነው። ምን እንደሆነ ሳይገባቸው ከያዙት፣ እርስዎ የሚሉትን መሠረት የበለጠ ይሸረሽረዋል ብዬ እፈራለሁ። የንባቡን ነገር ግን ተቀብያለሁ፤ ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ግማሽ ሰዓት ድምፅ አውጥቶ የማንበቢያ ትሆናለች።


ሚጢጢ ከሐዋሳ
ጥቅምት 10፣ ከምሽቱ 3፡30

እኔ የአይሲቲ መምህርት ነኝ፤ ለ10ኛ ክፍል ያደረግኩትን ልንገራችሁ። ጎግል ያወጣው ቲቸብል ማሽን የሚባል በነፃ የሚገኝ ገጽ አለ። ኮድ አይጻፍበትም፤ በካሜራ ፎቶ ታነሳለህ፣ «ይሄ አንደኛው ዓይነት፣ ይሄ ሁለተኛው» ትለዋለህ፣ ስልጠናው እዚያው ኮምፒውተርህ ላይ ያልቃል። አንድ ላፕቶፕና የስልክ ዳታ ይበቃል።

ልጆቼ ጀበናና ማንቆርቆሪያ እንዲለይ አሠለጠኑት። በየዓይነቱ ወደ ሃምሳ ፎቶ። ሲፈትኑት አንድም አልሳተም፤ ጭብጨባ ሆነ። ከዚያ ጀበናውን አንሥቼ መስኮቱ ጋ አስቀመጥኩት። «ማንቆርቆሪያ» አለ፣ ያውም ከመቶ ዘጠና ምናምን እርግጠኛ ሆኖ። ማንቆርቆሪያውን ጠረጴዛው ላይ አደረግኩት፤ «ጀበና» አለ። ልጆቹ መጀመሪያ ተበላሽቷል አሉ። አንዱ ነው ፎቶዎቹን ወደ ኋላ እየመለሰ አይቶ የደረሰበት፦ ጀበናውን በሙሉ ያነሡት ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ማንቆርቆሪያውን በሙሉ መስኮቱ ጋ። ሞዴሉ የተማረው መስኮትና ጠረጴዛ መለየት ነበር።

«ይሄማ ሽምደዳ ነው!» አለች አንዷ። በጣም ትክክል ናት። የፈተና ወረቀት መልስ ሸምድዶ የገባ ልጅ የጥያቄው ተራ ሲቀየር እንደሚጠፋው ነው። ፈረንጆቹ ለዚህ የራሳቸው ቃል አላቸው፤ እኛ ክፍል ግን ስሙ ሽምደዳ ሆኖ ቀርቷል፣ ሞዴል ሲሳሳት መጀመሪያ የሚጠይቁትም «ሸምድዶ ይሆን?» ብለው ነው።

በማግስቱ ክፍለ ጊዜ የኤአይ ተመራማሪዋን የትምኒት ገብሩን ሥራ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 ከሌላዋ ተመራማሪ ከጆይ ቡኦላምዊኒ ጋር በገበያ ላይ ያሉ ሦስት የፊት መለያ ሥርዓቶችን ፈትነው፣ ቆዳቸው ነጣ ያሉ ወንዶችን ጾታ ሲለዩ ስሕተቱ ቢበዛ ከመቶ 0.8 ሲሆን፣ ቆዳቸው ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ ከመቶ 34.7 እንደሚደርስ አሳዩ። ልጆቹ ጀበናውን አስታወሱ። ማብራራት አላስፈለገኝም፤ «ያላሳዩትን አያውቅም» አሉ። ሴት ተማሪዎቼ የዚያን ቀን ደወል ከተደወለ በኋላም አልወጡም፤ ስለ እሷ ሲጠይቁኝ ቆዩ። ረድኤት አበበንም ነገርኳቸው፤ እሷም የአዲስ አበባ ልጅ ናት፣ በ2019 ከአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በኮምፒውተር ሳይንስ ዶክትሬት ስታገኝ ለዚያ የትምህርት ክፍል የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ በተለይ ለወንድ መምህራን፦ ሞዴሉን በልጆች የፊት ፎቶ አታሠልጥኑ፤ ዕቃ ይበቃል። ሴት ልጆቻችን ፎቷቸው ተወስዶ ያልሆኑትን ሆነው እንዲታዩ እየተደረገባቸው ነው። እኔ ጋ አንዲት ልጅ በዚህ ምክንያት ሁለት ሳምንት ቀርታብኛለች። የደረሰባት ነገር ጥፋቷ አለመሆኑን ነግሬ እስካመጣት ድረስ ብዙ ለፍቻለሁ። ስለ ኤአይ አስተምረን ይህንን ካልነገርናቸው ትልቁን ትተናል። ወንዶቹንም ጭምር፤ እንዲያውም በተለይ እነሱን።


የሁለት ልጆች እናት
ጥቅምት 12፣ ከሌሊቱ 8፡10

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምጽፈው፤ የሌሊት ሥራ ላይ ነኝ። እህቴ ከሐዋሳ፣ የጻፍሽውን አንብቤ አለቀስኩ፤ ልጄ 14 ዓመቷ ነው።

የእኔ ችግር ሌላ ነው። ልጆቼ ስለዚህ ነገር ከእኔ በላይ ያውቃሉ ብለው ያስባሉ፣ እኔም አምኜ ትቼው ነበር። ባለፈው ወር አንድ ሰው ለጓደኛዬ ደውሎ በልጇ ድምፅ እያለቀሰ «ማሚ፣ ተቸግሬያለሁ፣ ገንዘብ ላኪልኝ» አላት። ልጇ ያን ሰዓት ክፍል ውስጥ ነበር። ድምፁ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ በቤታችን አንድ ቃል ተስማምተናል፤ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን፣ እናቴም አዲስ አበባ ሆና ታውቀዋለች። በዚህ ዘመን ለቤተሰብ የሚያስፈልግ ነገር ስለሆነ ለክለቡ ልጆች ንገሯቸው።

መምህር፣ ያቺን የሳጥን ጨዋታ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያናችን አማርኛ ትምህርት ለሚማሩት ልጆች ብሞክራት ምን ይመስልዎታል? ክብሪት ግን እዚህ እንደልብ አይገኝም።


የቆሎ ተማሪ ነበርኩ
ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 6፡45

በልጅነቴ ዳዊት የደገምኩት ጎጃም ነው። ግዕዙን፣ ውርድ ንባቡን፣ ቁም ንባቡን ተራ በተራ አልፌ መቶ ሃምሳውን መዝሙር ሳልደናቀፍ አነበንብ ነበር። አንዱንም አልረዳውም። ትርጉሙን ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ፣ ቅኔ ቤት ገብቼ፣ ከዚያም መጻሕፍት ቤት መምህር እግር ሥር ተቀምጬ ነው።

ፊደል ቆጣሪ ስለ ኮፍያው የጻፈውን ሳነብ ያ ዘመኔ ነው የታየኝ። ማሽኑ ንባብ ቤት ያለ ልጅ ነው፤ ያውም የዓለምን ጽሑፍ በሙሉ ያነበነበ። ልዩነቱ፣ ያ ልጅ አንድ ቀን ትርጓሜ ይደርሰዋል፤ ሲሳሳትም የሚያርመው መምህር ፊቱ አለ።

በዚሁ አጋጣሚ «ሰው ሰራሽ አስተውሎት» የሚለው ስያሜ አይመቸኝም። ማስተዋል በቋንቋችን ከባድ ቃል ነው፤ «አስተዋይ» የምንለው ብዙ የሚያውቀውን ሳይሆን የሚመዝነውን፣ የሚታገሠውን ነው። ልጆች ስሙን ሲሰሙ ማሽኑን እንደ አስተዋይ ሽማግሌ ቢያምኑት አይፈረድባቸውም። እናንተ መምህራን «ኤአይ» ማለታችሁ ለእኔ የተሻለ ነው።


12ኛ ናቹራል
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡00

እኔ ተማሪ ነኝ፤ አስተያየት መስጠት ይፈቀዳል? ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ስልጠና ውስጥ የኤአይ መሠረታዊ ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ በነፃ ነው፣ በስልክም ይሆናል። ጠቅሞኛል። ግን በእንግሊዝኛ ስለሆነ ታናሽ ወንድሜ ሞክሮ ተወው። የጀበናው ታሪክ በአማርኛ ስለተጻፈ አሁን አነበብኩለት፤ ወዲያው ገባው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአማርኛ አስተማሪያችን አሥር ተረትና ምሳሌ ከነትርጉማቸው አምጡ ብለውን ነበር። ግማሹ ክፍል ከኤአይ ገልብጦ መጣ። እሳቸው አልተቆጡም። «አሁን ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ አያቶቻችሁ ሂዱ፤ የማያውቁትን አስምሩበት» አሉን። እኔ የወሰድኩት ለአያቴ ነው። ከአሥሩ አራቱን «ይሄ የማን አገር ተረት ነው?» አሉኝ። ሰምተውት አያውቁም፤ አማርኛው ግን ያምራል። አንዱ ደግሞ ተረቱ ትክክል ሆኖ ትርጉሙ የተገለበጠ ነበር። ከዚያ አያቴ ያልጠየቅኳቸውን ሃያ ተረት ነገሩኝ፤ ስልኬ ላይ ቀዳሁት።


ፊደል ቆጣሪ
ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡25

ወንድሜ፣ ያንን ቅጂ እንዳታጠፋው። አያትህ ከፈቀዱልህ ጻፈው፣ ከነማብራሪያቸው። ማሽኖቹ የሌላቸው ይኸው ነው።


ጡረተኛው ርዕሰ መምህር
ጥቅምት 15፣ ከጠዋቱ 2፡10

የፀሐይዋን ጥያቄ 8ኛ ክፍል ላለች የልጅ ልጄ ሰጠኋት። አሥራ ሁለቱንም ጽፋ፣ «እማሆይ» እና «ዓለም» ላይ ቀጠለች። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ አልቀየርኩም። የንባቡ ግማሽ ሰዓት እንዳትቀር። ነገር ግን የሃያ አራቱን ሳጥን ሥዕል የምታገኝበት ካለ ላክልኝ፤ እዚህ ሠፈር ቅዳሜ ሥራ ፈት የሚውሉ ልጆች አሉ።


የሁለት ልጆች እናት
ጥቅምት 23፣ ከሌሊቱ 9፡00

ሞክረነዋል! በክብሪት ምትክ የእንቁላል ካርቶን ተጠቀምን፤ አንዱ 12 ጎድጓዳ አለው፣ ሁለቱ ልክ 24። ሥዕሎቹን በየጎድጓዳው ፊት ለጠፍን። ዘጠኝ ልጆች ነበሩ። አማርኛ የሚከብዳቸው ልጆች ሳይቀሩ «ቀዩ ወጣ፣ ተቀጣ» እያሉ ጮኹ። የእኔዋ ልጅ አምስቴ አሸንፋ በስድስተኛው ስትሸነፍ ካርቶኑን እያየች ዝም አለች፤ ማታ መኪና ውስጥ «ስልኬ ላይ የማወራው ነገርም እንዲህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቤት እስክንደርስ አወራን፤ ከተነጋገርን ብዙ ጊዜ ሆኖን ነበር።

አንድ ቦታ ግን ተጣበቅን። አንዱ ጎድጓዳ ውስጥ የነበሩት ፍሬዎች ሁሉ ወጥተው ባዶ ሆነ። ልጆቹ ማሽኗ ተበላሸች አሉ። ምን እናድርግ?


መምህር ዘአዳማ
ጥቅምት 23፣ ከጠዋቱ 12፡50

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! የእንቁላል ካርቶኑን እኛም እንወስደዋለን።

አልተበላሸችም። ባዶ ጎድጓዳ ማለት ከዚያ አቀማመጥ በየትም ብትሄድ እንደምትሸነፍ ማሽኗ ተምራለች ማለት ነው። እዚያ ስትደርስ እጅ ትስጥ፤ ከዚያ አንድ ወደ ኋላ ተመለሱና ወደዚህ ቦታ ያመጣትን የቀደመውን ፍሬ አውጡ። ቀጣዩ ጨዋታ ላይ ወደዚያ መንገድ አትገባም።

ለጋሼም ለሌሎችም፦ ሃያ አራቱን ሥዕሎች ልጆቹ በእጃቸው እየሳሉ ነው፤ እሑድ ማታ እዚሁ እለጥፋቸዋለሁ። ቀስቶቹን በቀለም ማተም ለማይችል በቁጥር የተጻፈ ሁለተኛ ቅጂ ይኖረዋል።